ቆሽቷን ያሳረረው ማነው?

የጽዳት ሠራተኛዋ በጽኑ የታመሙ ሕፃናት የሚተኙበትን ክፍል መወልወል ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንድ ጠዋት አንዲት እናት «አልገባም» ብላ በሩ ላይ ስታለቅስ አገኘቻት። ዶክተሯ የልጅቷ ቆሽት እንደ ተዳከመና ስኳሯ ከፍ እንዳለ ነግራት መሄዷ ነበር።

«ቆሽቷን ያሳረርኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ! ሳትታመም በፊት ብርጭቆ ሰበረች ብዬ ጮኼባታለሁ።»

«አይ ልጄ! ቆሽት በንዴት የሚያርር ቢሆን የእኔስ በባሌ የተነሳ ገና ድሮ ከሰል በሆነ ነበር። ዶክተሯ ስትናገር እየወለወልኩ ሰምቻለሁ፤ የሳንባዋ ሕመም ጠንቶ ነው ያዳከመው ብላለች። አንቺ ቆሽት ስትባዪ ጊዜ ሌላውን አልሰማሽም።»

እናትየው እያለቀሰች ሳቀች። እርጥቡን ወለል ረግጣ ገባችና የልጇን እጅ ያዘች። የጽዳት ሠራተኛዋም ዱካዋን እንደገና ወለወለችው።