የተሰረዘችው የፕሮቶን ጥያቄ

ከሚሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አምና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተሰጠው የሞዴል ፈተና ዛሬም ሲነሳ ያንገበግበኛል።

ጥያቄዋ ቀላል ነበረች። አንድ ፕሮቶን 938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አለው፤ በጁል ስንት ይሆናል? ኤሌክትሮን ቮልት ኢምንት መለኪያ ስለሆነች ወደ ጁል ስትቀየር ቁጥሩ እጅግ ማነስ አለበት። ይህን ለማስረዳት በአማርኛም በኦሮምኛም ስለፋ ነው የከረምኩት። ከዞኑ የፈተና ኮሚቴ የመጣው የመልስ ቁልፍ ግን ከአንድ እጅግ በምታንሰው የመቀየሪያ ቁጥር ማባዛት ሲገባው አካፍሎ ቁጭ አለ። በዚያ ስሌት ከሄድን አንዲት ፕሮቶን የቦርከናን ወንዝ ቀርቶ የዓለምን ባሕር ሁሉ አፍልታ ታደርቃለች።

በትክክል የሠሩት ልጆች ኤክስ ተደረገባቸው። አንዷ ከጨፋ ሮቢት መጥታ ከሚሴ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። ወረቀቷን ይዛ መጣችና የተሳሳተችበትን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ አንድም ስህተት የለውም።

በማግስቱ የፈተናው አስተባባሪ ዘንድ ሄድኩ። እሱም ራሱ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው፤ ይበልጥ ያበሸቀኝም ይኸው ነው። ስሌቱን ፊቱ ሠርቼ አሳየሁት። አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነሽ እህቴ» አለኝ። «ግን ቁልፉን ከቀየርን በሌላውም ትምህርት አቤቱታው አያባራም።»

የተሳሳተ ካለ አቤት ይባል እንጂ ምን ይደረግ ብዬ ተከራከርኩት። የክርክሩ መጨረሻ ጥያቄዋ ለሁሉም ትሰረዝ የሚል ሆነ። ሁሉንም እኩል ለማድረግ ነው አለኝ። ያወቀውንና የገመተውን እኩል ማድረግ ፍትሕ ከሆነ እኔ ክፍል ገብቼ የምለፈልፈው ለምንድን ነው አልኩት። ነገር አታካብጂ ብሎኝ ወደ ስልኩ ዞረ።

ውሳኔውን ለተማሪዎቹ የምነግረው እኔ ነበርኩ። የሮቢቷ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የተሳሳቱት እነሱ ናቸው። የኔ ለምን ይሰረዛል?»

ላባብላት አልፈለግኩም። ልክ አንቺ ነሽ፣ የተሠራብሽም በደል ነው አልኳት፤ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ልጅቱ «አልሐምዱሊላህ፣ እሱን ካወቅኩ ይበቃኛል» ብላ ተቀመጠች። እኔን ግን አልበቃኝም።

ከዚያ ፈተናው ያለ ችግር ተጠናቀቀ የሚል ሪፖርት ላይ እንድፈርም ተጠየቅኩ። አልፈርምም አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ ለመነኝ፤ ለሱም ያው ነው መልሴ። በየዓመቱ ፈተና አርም ነበር፤ ዘንድሮ የጠራኝ የለም።