አማቱ ቀዩን ገመድ ያለፉ ዕለት

«ዞር በሉ» የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሥራው በነዳጅና በጋዝ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚገጠሙ ቫልቮችን ውሃ ሞልቶ፣ በፓምፕ አስጨንቆ፣ ግፊቱን ይችሉ እንደሆነ መፈተን ነው። ፓምፑን ከማስነሳቱ በፊት ዙሪያውን ቀይ ገመድ ይወጥራል፣ «ዞር በሉ!» ብሎ ያምባርቃል፤ ከዚያ ከወፍራሙ ግንብ ጀርባ ገብቶ በትንሿ መስኮት ያያል። ጠባዩ ቤቱም ድረስ ተከትሎታል። ሚስቱ የለስላሳ ጠርሙስ ስትከፍት እንኳ ልጆቹን ሰብስቦ ደጅ ያስወጣል። አማቱ ታዲያ «ልጄ ያገባችው ሰው ነው ወይስ ሳይረን?» ይላሉ።

አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ወጣ። አማቱ አንጠልጥለውለት መጡ። ዘበኛው «እዚህ ይጠብቁ» ቢላቸውም፣ ዘወር ሲል ሾልከው ወርክሾፑ ገቡ። ቀዩን ገመድ ሲያዩ ሳቃቸው መጣ።

«እዚህም ወጠረው!» ብለው ጎንበስ ብለው አለፉ።

ዞር በሉ በመስኮቷ ሲያይ አማቱ ቫልቩ አጠገብ ቆመው የምሳ ዕቃ ማስቀመጫ ይፈልጋሉ። ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። እዚያው ግንቡ ጀርባ ሆኖ ፓምፑን አጠፋ፣ ግፊቱን አስተነፈሰ፣ በድምፅ ማጉያው ጮኸ።

«እማማ፣ በፈጠረዎት! በመጡበት ይመለሱ!»

«ምን ያስጮህሃል? ብረት አይናከስም!»

«ይናከሳል እማማ!»

እያጉረመረሙ ወጡ። ግንቡ ጀርባ አስገባቸውና ፈተናውን ከሀ ጀመረ። ግፊቱ ሽቅብ ሲል አንዱ ቱቦ ከመጋጠሚያው ተፈትልኮ ወጣ፤ የታሰረበት ሰንሰለት ባይይዘው ግቢውን ባዳረሰ። የተስፈነጠረው ውሃ ባዶ በርሜል አንከባሎ ግድግዳ ላይ አላተመ።

አማቱ የልጃቸውን ባል እጅጌ ጨምድደው ያዙ። «እኔ እዚያ ነበርኩ?»

«ነግሬዎት ነበር» ሊል አፉን ከፈተ። እጅጌውን አሁንም እንዳልለቀቁት አየና ተወው። «ትንሽ ውሃ ላምጣልዎት?»

«ውሃ? ሁለተኛ ውሃ እንዳትጠራብኝ!»

ቱቦው ተቀይሮ፣ ሁሉም ዳግመኛ ተፈትሾ ሊጀመር ሲል አማቱ በገዛ ፈቃዳቸው ከገመዱ ውጭ፣ ራቅ ብለው፣ በሩ ላይ ዘብ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ስልክ እያወራ መጣ።

«ወዴት ነው? እናት የለህም እንዴ?» ብለው አማቱ ከፊቱ ተገተሩ።

ሰውየው ደንግጦ ስልኩን ዘጋ። «ይቅርታ፣ አዲሷ የደኅንነት ተቆጣጣሪ መሆንዎን አላወቅኩም።»

«አሁን ዐወቅህ» አሉት፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

ቫልቩ ግፊቱን ቻለ። ዞር በሉ ግን ግንቡ ጀርባ ሆኖ ሳቁን መቻል አቅቶት ነበር።