በኮባ የተጠቀለለው ጥላ

እናቴ ሐይቅ አይታ አታውቅም ነበር። ቦንጋ ውሃ ሞልቶ ተርፏል፤ ግን የእኛ ውሃ ይሮጣል እንጂ ተቀምጦ ሰው አይጠብቅም። በደርግ ዘመን የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር በማር ምርት ተመስግኖ የጉብኝት ሽልማት ሲደርሰው፣ ከሁሉ ቀድማ "እኔ እሄዳለሁ" ያለችው ግን እሷ ናት። ጉብኝቱ ከወሊሶ በላይ ወዳለው ወንጪ ነበር። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ ተራራው እንዴት እንደፈነዳ ለማኅበርተኞቹ እንዳስረዳ ታዘዝኩ።

ጉዞውን የሚመራው ካድሬ ገና አውቶቡሱ ሳይነሳ ሕጉን ነገረን። "የምንሄደው ለመዝናናትና ለትምህርት ነው። በዳርቻው እንንሸራሸራለን፣ በጀልባ ደሴቱን እንዞራለን። ደሴቱን የሚረግጥ ግን የለም። ኋላ ቀር እምነት ይዞ የመጣ ካለ እዚሁ ይቅር!"

እናቴ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ። ስንቅ ነው ብላለች። በእኛ አገር የእንሰት ቅጠል የማይጠቀልለው ምግብ ስለሌለ ማንም አልጠረጠራትም።

እኔ ግን አውቃለሁ። ጅማ ድረስ ሄዳ የገዛችው የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው፤ ቀይ ከፈይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው። ታናሽ ወንድሜ ከገበያ ታፍሶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከተወሰደ ወዲህ ደብዛው ጠፍቷል። ሟቹ አባቴ የወሊሶ ሰው ነበር፣ ነጋዴ፤ ሲምል "የወንጪው ቂርቆስ ምስክሬ!" ይል ነበር። እናቴም ያንን ይዛ፣ ልጇ በደህና ቢመለስላት ለቂርቆስ ጥላ ልታስገባ ተሳለች። ስለት የሚገባው ደግሞ የለመኑት ሲደርስ ነው። እሷ መጠበቁ መረራት።

"ቀድሜ እሰጠዋለሁ" አለችኝ። "ቂርቆስም እናት አለው። እሳት ሲገባ ከእናቱ ጋር ነው የገባው። ተቀብሎ ዝም ካለኝ እሱ ይፈር።"

"ብንያዝ እኮ ከሥራዬ እባረራለሁ።"

"እንኳን ሥራ ልጅም ይወሰዳል" አለች።

ወሊሶ አድረን በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወረድን። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚንቀለቀል እሳት ነበር፣ ተራራው አናቱን አፈንድቶ ውሃ ሞላበት እያልኩ አስረዳሁ። ካድሬው ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ እንደ ጎበዝ ተማሪ አፌን አፌን ስታይ ቆይታ ወደ ደሴቱ ዞር ብላ "እሳት ከነበረማ ቂርቆስ ቤቱን እዚህ መሥራቱ ደግ ነው" አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

ምሳ ሰዓት ሆነ። ከእኛ ወገን ስንቁን ብቻውን የሚፈታ ሰው የለም፤ ሁሉም መሐል ላይ ዘረጋ። የቀረው የእናቴ ብቻ ነው።

"የአንቺስ?" አሏት።

"የእኔ ማዶ ነው የሚፈታው።"

ሴቶቹ ደሴቱን አዩ፣ ጥቅሉን አዩ፣ ገባቸው። አንዲቱ ከቆጮዋ ቆርሳ አጎረሰቻት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ስለ አየሩ ብርድ ማውራት ጀመሩ።

ጀልባው ከግንድ የተፈለፈለ ጠባብ ነገር ነው። እናቴ፣ እኔ፣ ካድሬውና ቀዛፊው ሆነን ተሳፈርን። ደሴቱ አጠገብ ስንደርስ እናቴ ወደ ካድሬው ዞረች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ዳኛውንም በቅሎውንም "አንተ" ነው የምትለው።

"አንተ፣ እዚህ አውርደኝ።"

"አይቻልም እትዬ።"

እናቴ ብድግ አለች። የጫካ አገር ሰው ናት፤ ጀልባ ላይ እንደማይቆም ከየት ታውቀዋለች? ጀልባው ተንጋደደ፣ ውሃ ገባ። ካድሬው የጀልባውን ግራና ቀኝ ጨምድዶ ያዘ።

"ቁጭ በይ! እንሰጥማለን!"

"አውርደኝና እቀመጣለሁ።"

"ቁጭ በይ ብያለሁ!"

"ዋና ትችላለህ?"

"አልችልም!"

"እኔም አልችልም። እንግዲያው እኩል ነን።"

"ወደ ዳር!" ብሎ ጮኸ በቀዛፊው ላይ። "ወደ ዳር በለው!"

እናቴ ወረደች። እኔ ልነሳ ስል ካድሬው ነፍሱ ተመልሳ ነበር። "መምህርት፣ አንቺም ከወረድሽ ሪፖርት አደርጋለሁ።" ግን እናቴ ኮባውን እየላጠች ዳገቱን ስትወጣ፣ ቀዩ ከፈይ ብቅ ሲል አየሁ። "አድርግ!" አልኩትና ወረድኩ።

ከደጀ ሰላሙ አንድ ሽማግሌ ቄስ ወጡ። ለልጇ መመለስ የተሳለችው መሆኑን ነግራ ጥላውን ዘርግታ ሰጠቻቸው።

"ልጅሽ ገባ?"

"አልገባም።"

"ታዲያ ስለት እኮ..."

"እኔ ጨረስኩ። የቀረው የቂርቆስ ነው። ንገረው።"

ቄሱ ጥላውን ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ በካድሬው ሪፖርት ራቅ ወዳለችው ቢታ ገነት ተዛወርኩ፤ ዕድገትም ታገደብኝ። እናቴ ስንቄን በኮባ ጠቅልላ እያቀበለችኝ "የዛሬው እውነተኛ ስንቅ ነው" ብላ ሳቀች። ሄድኩ፣ አስተማርኩ። እሳተ ገሞራን ሳስተምር ወንጪን ሳልጠራ አላለፍኩም።

በሌላው ዓመት ያው ካድሬ ሽማግሌዎች አስከትሎ ማለዳ እናቴ ቤት መጣ። እኔም ለእረፍት ቦንጋ ነበርኩ። ወንድሜ ለእናት አገሩ ወድቋል አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

"ሬሳውን አየህ?" አለችው እናቴ።

"አላየሁም።"

"መቃብሩንስ?"

"አላየሁም እትዬ።"

"እንግዲያው ጥላዬ እንደተዘረጋ ነው።"

ሽማግሌዎቹን ቁርስ አብልታ ሸኘች። ከል አልለበሰችም፣ ድንኳን አላስተከለችም። ሰው አበደች አላት። እኔ ወንድሜ መሞቱን አምኜ ነበር፤ ቢታ ገነት ተመልሼ አንሶላ ነክሼ አልቅሻለሁ። እሷ ፊት ግን አንድ ዘለላ እንባ አልጣልኩም። "እኔ ስሞት ለእኔ ብቻ አልቅሱ" አለችኝ አንድ ቀን። "ልቅሶዬ ላይ የልጄን ስም ያነሳች ከቤቴ ትውጣ።"

ደርግ ሳይወድቅ፣ ወንድሜም ሳይመጣ ሞተች። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ሲለቀስ ቀድሞት የሞተውም አብሮ ይነሳል። ሙሾ አውራጇ እናቴን አወድሳ ስትጨርስ ደረቷን እየመታች "ልጅሽ ዘንድ ሄድሽ ወይ" ብላ ጀመረች። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። እንኳን በልቅሶ በሰርግም ትልቅ ሰው አቋርጬ አላውቅም።

"የወንድሜን ይተዉት!" አልኩ። "እሱ መንገድ ላይ ነው።"

ሙሾ አውራጇ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ለእናቴ ብቻ አለቀስን።