በርበሬ የቀነጠስንበት ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካልጋሪ፣ ኦግደን ሰፈር ካለው መጋዘን ሺፍቴን ጨርሼ፣ በረዶ በጋገረው መንገድ ወደ ቤቴ ወደ ዶቨር ስነዳ አልማዝ ደወለች። አልማዝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከድንበሩ ማዶ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው የምትኖረው። ባሏ ብዙ ታሞ በዚያው ሰሞን ማረፉን ሰምቻለሁ። ጥግ ይዤ ፓርክ አደረግኩና አነሳሁት።

«ሰው አልተለየሽም አይደል?» አልኳት።

«የምን ሰው፣ እትዬ? በር ላይ መኪና ሲበዛ ያያሉ ብሎ ሁሉም ፈራ። ወረቀት ያለውም የሌለውም።»

ያያሉ ያለቻቸው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ሰውን ከመኪናው፣ ከሥራው፣ ከልጁ ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚወስዱትን የኢሚግሬሽን ሰዎች ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ! እኛ እኮ ሠርግ ቢቀርብን ግድ የለም፣ ለቅሶ ግን የማንቀር ሰዎች ነን። እመጣለሁ አልኳት። ለልጄ ለናታን ስነግረው ግን ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ኖ ዌይ፣ ማሚ! ኤርፖርት ላይ ፎንሽን ቼክ ያደርጋሉ። ስለ ፕሬዚዳንቱ የምትፖስቺውን ረሳሽው?»

«ምን አልኩ? ልጅን ከእናቱ መለየት ኃጢአት ነው አልኩ እንጂ።»

«እሱን ነው የምልሽ!»

እኔ ፖለቲካ በትምህርት ቤት አልተማርኩም። የማውቀውን ያወቅኩት ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ሰው ሲያወራ እየሰማሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አንዳንድ ወገኖቻችን፣ «ወንጀል የሌለበት ምን ያስፈራዋል?» ሲሉ እሰማለሁ። ይህችን አነጋገር አውቃታለሁ። በዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ፣ ያ የአሰሳ ዘመን በገባ ጊዜ፣ ሰፈራችን ውስጥ «በከንቱ አይወሰድም» ትባል ነበር።

በከንቱ አይወሰድም ተብለው ከተወሰዱት አንዱ ሰሎሞን ነበር፤ የግድግዳ ጎረቤታችን የእትዬ ውብነሽ አንድ ልጅ። ተገደለ። እናቱ ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ማልቀስም ተከለከሉ። ለቅሶ የደረሰ ተባባሪ ነው ይባል ስለነበር ማንም ደጃቸውን አልረገጠም። በግድግዳው በኩል ዝምታቸው ይሰማን ነበር። እናቴ እንጀራ መጉረስ አቃታት።

ወሩ ኅዳር ነው። የሰፈራችን ጭቃ ደርቆ አቧራ ሆኗል፤ አዲሱ በርበሬ በየግቢው ተሰጥቶ ፀሐይ ላይ ይቀላል። አንድ ቀን እናቴ ጎረቤቶቿን እየዞረች፣ «ነገ እትዬ ውብነሽ ቤት በርበሬ እንቀነጥሳለን» አለቻቸው። እሳቸው ቤት ምን በርበሬ አለ ብሎ የጠየቀ የለም። ገብቷቸዋል። በማግስቱ የየራሳችንን ጆንያ ተሸክመን ሄድን።

ሰፌድ ታቅፈን ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ዛላውን እያነሣን ጭራውን እንቀነጥሳለን፤ አንዷ ጥግ ላይ ሙቀጫ ይዛ ትወቅጣለች። ብናኙ ተነሣ። መጀመሪያ ማስነጠስ፣ ከዚያ ማሳል፣ ከዚያ እንባ መጣ። የሴቶቹ ጉንጭ ሁሉ ረጠበ፤ የቱ እንባ የበርበሬው፣ የቱ የሰሎሞን እንደሆነ ማን ይለያል? እትዬ ውብነሽ ብቻ ነጠላቸውን ነክሰው ድምፅ አላወጡም።

በሩ ተበርግዶ ግርማ ገባ። ከሰሎሞን ጋር ኳስ ሲጫወት ያደገ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አሁን ጠመንጃ ተሰጥቶት ሰፈሩን ይጠብቃል። እናቴን ዕድሜውን ሙሉ «እትዬ» ሲላት ኖሮ፣

«አንቺ! ምን ስብሰባ ነው ይሄ? ማንን ነው የምታለቅሱት?» አላት።

«በርበሬ እየቀነጠሰ የሚስቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለችው።

ዙሪያውን አየ። ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ።

«ይቺስ? እሷን አይለበልባትም?»

እውነቱን ነው፤ አላለቀስኩም። ሰው ሲፈራ ያለቅሳል ይላሉ። እኔን ግን ፍርሃቱ አድርቆኝ ነበር። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። የምትወቅጠዋ ዘነዘናዋን አስቀመጠች። የእናቴን ፊት አየሁ፤ አመድ መስሏል። በእኔ ደረቅ ዓይን ምክንያት ሁላችንም ልንወሰድ ነው።

በርበሬ የጨበጠ እጄን አንሥቼ ሁለቱንም ዓይኖቼን አሸሁ።

እሳት ገባብኝ። ስጮህ እትዬ ውብነሽ ደረሱና ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ኡኡ አሉ። ነክሰው የያዙት ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። እኔ ምንም አላይም፤ ደረታቸው ሲናጥ ብቻ ይሰማኛል። ግርማ ጥቂት ቆሞ፣ ወጥቶ በሩን ከውጭ ቀስ አድርጎ ዘጋው ብላ እናቴ በኋላ ነገረችኝ። ራርቶ፣ አፍሮ ወይም ሰልችቶት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተመልሶ ይመጣል ብለን ግን ክረምት እስኪገባ ድረስ የእግር ኮቴ በሰማን ቁጥር ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር።

አሜሪካ ያኔ የነበርንበት ሆናለች አልልም። እዚያ ፍርድ ቤት አለ፤ ጎረቤታቸውን ለማስጠንቀቅ ፊሽካ እየነፉ አደባባይ የሚወጡ ሰዎችም አሉ፤ እግዜር ይባርካቸው። እኔን ከጭምብሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ፣ እኛው ምክንያት እየፈለግን ቤታችን መቀመጣችን ነው። ደግሞ ጀግና እንዳልመስላችሁ። አሜሪካኖቹ የሚፈትሹት እዚሁ ካልጋሪ ኤርፖርት ውስጥ፣ ገና ሳልሳፈር ነው። ትኬት ከቆረጥኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ትናንት ለአልማዝ የምደርስበትን ቀን ነገርኳት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ በር ሲንኳኳ አልከፍትም» አለችኝ።

«አላንኳኳም። እንደ ወጋችን ከደጅ ጀምሬ እያለቀስኩ ነው የምመጣው። ያኔ ትከፍቺልኛለሽ።»