የሳምያክ አባት

ሱሎቻና ታምራካር የምትሠራውን ሥራ ለሰው ማስረዳት ይቸግራል። አማቷ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ኮምፒውተር ውስጥ የጠፋ ነገር ትፈልጋለች» ይላሉ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን የሰጠ የለም። መንግሥት አንድ ነገር ሲበላሽበት፣ ግድብ ሲሰነጠቅ ወይም የተበላሸ ክትባት ሰው ሲጎዳ፣ አጣሪ ኮሚሽን ያቋቁማል። ኮሚሽኑ ለሚኒስቴሩ ይጽፋል። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ቆይቶ በመጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የርግብ ኩስ መስኮቱን ወደሸፈነው ክፍል፣ እሷ ዘንድ ይደርሳል። እሷ በጉዳዩ እጃቸው ያለበትን ሠራተኞች ስም ታስዘረዝራለች፣ የሚፈለጉትን ቃላት ትመርጣለች፣ የሰዎቹ የኢሜይል ሣጥን ይበረበራል፣ የተገኘው ተለይቶ ይላካል። ካልተገኘ ደግሞ «ተፈልጎ አልተገኘም» ብላ ትፈርማለች።

ድሮ ሥራዋን ትወደው ነበር። በሰው ሣጥን ውስጥ የሚፈለገው ነገር ጥቂት ነው፤ የቀረው ኑሮ ነው። ልጄ ጥርሱን አሞታል ብሎ ፈቃድ የሚለምን፣ ስለ አንድ ማራገቢያ ወር ሙሉ የሚጨቃጨቁ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ለአለቃው ግጥም ጽፎ ሳይልክ የተወ። ማታ ማታ የሰዎቹን ማንነት ሳትገልጥ ለባሏ ታወራለት ነበር፤ እሱም ሻዩ ትን እስኪለው ይስቃል። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ጽሑፍ የሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለ ጽሑፍ ሆነባት። ታነበዋለች፤ ያልፋል። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ደህና» ትላለች። ውሸት አልነበረም። የሚያም ነገር አልነበረባትም፤ የሚያምበት ቦታ ጠፍቶባት ነበር።

ባሏ በዚያው ሚኒስቴር፣ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ የድልድይ ክፍል ኃላፊ መሐንዲስ ነበር። ስሙን አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። ጥንት እንደነበሩት ሴቶች ሁሉ ያሳደጓት አክስቷ የባልን ስም በአፍ መጥራት ዕድሜውን ያሳጥራል ብለው አስተምረዋት ነበር። የዘመኑ ሚስቶች በዚህ ይስቃሉ፤ እሷም ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስቃለች። ካገባች በኋላ ግን ምላሷ እምቢ አላት። ልጅ እስኪወለድ «ይሰማሉ?» ነበር የምትለው፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ «የሳምያክ አባት»። ቢሮ ስልክ ስትደውል እንኳ «የድልድይ ክፍል ኃላፊውን» ነበር የምትለው። ጠንቅቃ ጠበቀችው። እሱ ግን ሳምያክ ለትምህርት ወደ ሲድኒ በሄደ በዓመቱ፣ በክረምት፣ ጉበቱን ታሞ ሞተ።

የኬራባሪ ተንጠልጣይ ድልድይ የተበጠሰው እሱ ከሞተ በኋላ፣ ማግ በሚባለው የብርድ ወር መባቻ በዓል ዕለት ነው። ሰው ከወንዙ ማዶ ወደ በዓሉ ሲጎርፍ በምሥራቅ በኩል ያለው የብረት ገመድ ከማሰሪያው ተነቀለ። ከሞቱት አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ደብዳቤው መጣ። «ኬራባሪ»፣ «ገመድ»፣ «ማሰሪያ»፣ «ዝገት» የሚሉ ቃላት ተፈለጉ። የጨረታ ወረቀትና የምረቃ ፎቶ እንጂ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር አልወጣም። ሱሎቻና ፈረመች፤ ላከች።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት ከአማቷ ጋር ምስርና ሩዝ እየበሉ ቴሌቪዥን ላይ የኮሚሽኑ ጉባኤ መጣ። የቀረቡት ዳንዳፓኒ ጊሚሬ የሚባሉ፣ ድልድዩን ይጠብቁ የነበሩ ጡረታ የወጡ ተቆጣጣሪ ናቸው። አደጋው እንደሚደርስ እያወቁ አላሳወቁም ተብለው ታስረው ነበር። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አስጠንቅቄያለሁ፣ ጌታዬ። ፎቶም ልኬያለሁ። መልስም መጥቶልኛል።»

«ለማን ነው የላኩት?» አለ የኮሚሽኑ ጠበቃ።

«ያኔ ለነበሩት የክፍል ኃላፊ። አሁን በሕይወት የሉም።»

«ከየትኛው አድራሻዎ?»

«እኔ አድራሻ የለኝም። ገበያ ወርጄ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያስጻፍኩት። ቤቱም መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል።»

ጠበቃው ወረቀት አነሣ። «ሚኒስቴሩ ተፈልጎ አልተገኘም ብሎ በፊርማ አረጋግጧል፣ አባት። ይህ እንዴት ይሆናል?»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩት።

አማቷ መጉረሳቸውን ተዉ። «ይሄ ሰው ልጄን ነው እንዴ የሚለው?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«አላውቅም ትላለች! አገር የጠፋበትን የምትፈልጊው አንቺ አይደለሽ? ያ እንደ ጉንዳን የሚሄደው ፊርማ ያንቺ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«በቁሙ አንድ ቀን በጊዜ አልለቀቁት፤ ሞቶም ቢሮ ይጠሩት ጀመር!» አሉና ሩዙን በጣታቸው ገፉት። «ብዪ እንጂ፤ ምን ታፈጫለሽ?»

ሱሎቻና በላች። ሩዙ ጣዕም አልነበረውም፤ ግን ይህ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ የፍለጋውን ስም ዝርዝር አውጥታ ረዳቷን ፕራላድን ጠራችው። ፕራላድ ሠላሳውን ያለፈ፣ ራሱ መመለጥ የጀመረ፣ ሳይቀልድ የማይውል ሰው ነው። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ሲያይ ቀልዱ ጠፋበት።

«መጀመሪያ ባመጣህልኝ ዝርዝር ላይ ሰባተኛው ረድፍ ቁጥር ብቻ ነበረው።»

«አዎ፣ ዲዲ።» ዲዲ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው፤ ፎቁ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራት።

«ስሙስ?»

«እርስዎ ይሞሉታል ብዬ ነው የተውኩት።»

«አንተ ለምን አልሞላኸውም?»

«እንዴት ብዬ? የርሳቸውን ስም ጽፌ እርስዎን ላስፈርም? እናቴ ብትሰማ በጫማዋ ነበር የምትለኝ።»

«እኔ የጽሕፈት ስሕተት መስሎኝ ረድፉን ሰረዝኩት።»

«አይቻለሁ። እንግዲህ ካልፈለጉ ነው አልኩ። ዝም አልኩ።»

ርግቧ ከመስኮቱ ውጭ ታጉተመትማለች። እውነት የጽሕፈት ስሕተት መስሏት ነበር? ሱሎቻና ያንን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ሻይ ነበረ፤ ወረቀቱ ነበረ፤ ጣቷ ቁልፉን ሲጫን ታያት። ያኔ ልቧ ውስጥ የነበረውን ግን ፈለገችው፤ አልተገኘም።

ዘመድ በዘመዱ ሣጥን ላይ ፍለጋ አያካሂድም፤ ደንቡ ይህ ነው። ለኮሚሽኑ የመጀመሪያው ፍለጋ ጉድለት እንደነበረበት፣ የጎደለው ሣጥን የባሏ እንደሆነ፣ ፍለጋውን ፕራላድ እንደሚያካሂድ ጽፋ ላከች። የሞተ ሠራተኛ ሣጥን ይዘጋል እንጂ መጠባበቂያ ቅጂው ይቀመጣል። ቅጂው በሳምንቱ መጣ።

«ዲዲ፣ ሻይ ጠጥተው ይምጡ» አለ ፕራላድ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ።

«እዚሁ እጠጣለሁ።»

«እርስዎ ፊት እኮ...»

«ተጫነው፣ ፕራላድ።»

ተጫነው። ሁለት መልእክቶች ወጡ። አንዱ «አናፑርና ፎቶ ኮፒ» ከሚል አድራሻ የመጣ ነበር። ገጠር ያሉ ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ገበያ ወርደው ለባለሱቁ ይነግሩታል፣ እሱም ደብተር የሚገዙ ልጆችን እያስተናገደ ቆሞ ይጽፍላቸዋል። መልእክቱ አጭር ነበር። «ክቡር ሰር፤ በምሥራቅ በኩል የገመዱ ማሰሪያ ዝጎ ጣት ያስገባል። ሰው እንዳይሻገር ልዝጋው ወይ? ትእዛዝዎን እጠብቃለሁ። ዳንዳፓኒ።» ከሥሩ ፎቶ አለ፤ የዛገ ብረት፣ በስንጥቁ ውስጥ የገባ ጥፍሩ የጠቆረ የሽማግሌ ጣት።

ከዚያ ደግሞ መልሱ። ፕራላድ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀምሮ አቆመ። እሷ ከትከሻው በላይ አነበበችው።

«ወንድሜ ዳንዳፓኒ፤ ልጅዎ እንዴት ሆነች? ወለደች ወይስ ገና ናት? አሁን ብንዘጋው ሰው ለዳሻይን በዓል እንዴት አገሩ ይገባል? ወንዙም ሞልቷል። ከዳሻይን በኋላ ሰዎች ይዤ ራሴ እመጣለሁ። እንደ አምናው እንዳያመልጣችሁ ፍየሉን አጥብቃችሁ እሰሩት። መልካም በዓል ለቤተሰቡ።»

ድምፁ ነበር። የሚስቅበት ቦታ ሁሉ ሳይቀር። ሱሎቻና የሚሰማትን ጠበቀች፤ አልመጣም። የወተት ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ ተጋግሮ ነበርና እሱን ታይ ነበር። ያን ዳሻይን ታስታውሳለች፤ ሰገነት ላይ ከሳምያክ ጋር የወረቀት ካይት ሲያበር፣ ክሩ ጣቱን ቆርጦት፣ ግንባሩ ላይ የበዓሉ ምርቃት ቀይ ሩዝ ደርቆ። ከበዓሉ በኋላ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረሃል የሚል ደብዳቤ ጠበቀው። ለተተኪው ምን እንደነገረው፣ ነግሮት እንደሆነም፣ ሣጥኑ ውስጥ የለም። ከዚያ ታመመ።

ፕራላድ በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዲዲ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይበላሻል። ስንት ጊዜ ተበላሽቶብን ያውቃል። ሊከፈት አልቻለም ብንል ማን...»

አልተቆጣችም። መቆጣት እንደሚገባት ታውቅ ነበር።

«ሰዉ እኮ ስማቸውን ጋዜጣ ላይ ያወጣዋል» አለ ፕራላድ። «ሳምያክስ? እናትየዋስ? እሳቸው ክፉ አላሰቡም። ሰው አገሩ ይግባ ነው ያሉት። ይሄን ግን ማን ያነባል? ‹ኃላፊው እያወቀ› ነው የሚሉት።»

ሱሎቻና ወደ ፎቶው ተመለሰች።

«ይሄ ጣት የማን ነው?»

«የሽማግሌው ይመስለኛል።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። «ላከው» አለች።

ፕራላድ ላከው። እሷ የሻዩን ቆዳ በማንኪያ አንሥታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረችውና የቀዘቀዘውን ጠጣች።

የክፍል ኃላፊ ስለሆነች በኮሚሽኑ ፊት ቀርባ የፍለጋውን አካሄድ በቃል ማስረዳት ነበረባት። ያን ቀን ጠዋት አማቷ በሩ ላይ ቆመው ነጠላዋን አስተካከሉላት። ጎረቤት ያለው መዳብ ቀጥቃጭ ገና በማለዳው መዶሻውን አንሥቷል።

«ስሙን ልትጠሪ ነው?»

«ዝርዝሩን ማንበብ አለብኝ።»

«እኔ ነኝ ያወጣሁለት» አሉ አሮጊቷ። «አበላሽተሽ እንዳትጠሪው።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ያሉት ወንበሮች ላይ ከኬራባሪ የመጡ ሰዎች የሞቱባቸውን ፎቶ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ሱሎቻና ቃለ መሐላ ፈጸመች። ጠበቃው፣ «በሁለተኛው ፍለጋ ሣጥናቸው የታየውን ሠራተኞች ስም ያንብቡልን» አላት። አነበበች። አንደኛ። ሁለተኛ። ድምፅዋ የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ይመስል ነበር። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ አፏ እንደተከፈተ ቆየ። የሚያጥር ዕድሜ አልቀረም፤ ይህን ታውቃለች። ምላሷ ግን አያውቅም።

«ሂራካጂ ታምራካር።»

«አልተሰማም፣ እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።»

«ሂራካጂ ታምራካር» አለች። ጣሪያው ከቦታው አልተነቃነቀም። ስሙ ማይክሮፎኑ ውስጥ ገብቶ በአዳራሹ ዳር ዳር ባሉት ድምፅ ማጉያዎች ወጣ፤ የሌላ ሴት ባል ስም መሰላት።

«ዝምድና አለዎት?»

«ባለቤቴ ነበሩ።»

ከዚያ ጠበቃው መልእክቶቹን አነበበ። ስለ ማሰሪያው ሲያነብ ፊት ያሉት ሰዎች አቀረቀሩ። ስለ ፍየሉ ሲያነብ ከኋላ አንድ ሰው ሳያስበው ሳቀ፤ ሳቁም ግማሽ ላይ ተቆረጠ። ፎቶ የያዘች አንዲት ሴት ዞራ ሱሎቻናን አየቻት። በዓይኗ ውስጥ ጥላቻ ይሁን ሌላ ነገር ሱሎቻና መለየት አልቻለችም። ዓይኗን ግን አልሰበረችም፤ እንድታያት ተወቻት። ጠበቃው «አላሳወቁም» የሚለው የክሱ ቃል ከአቶ ዳንዳፓኒ ላይ እንደሚነሣ ተናግሮ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

በመውጫው ደረጃ ላይ ሽማግሌው ጠበቋት። ሁለት መዳፋቸውን አጋጥመው ሰገዱላት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ። የሰር ባለቤት እንደሆኑ አላወቅሁም።»

«ምንም አይደለም።»

«እሳቸው ጠይቀውኝ ነበር። ስለ ልጄ። በዓሉ ደርሶ ቸኩዬ ሳልመልስላቸው ቀረሁ።» ባርኔጣቸውን አዟዟሩ። «ወልዳለች። ወንድ ነው። በደህና።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ሱሎቻና።

አለችው እንጂ አላሰበችውም። ሽማግሌው ግን የሚገባውን መልስ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ ቤታቸው ወዳለበት ወደ ፓታን ተመለሰች። አማቷ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ሩዙን ሸፍነው ጠብቀዋታል።

«ጠራሽው?»

«ጠራሁት። ሁለት ጊዜ።»

«ሰማሁ። የመጀመሪያው ደከም ያለ ነበር።» አሮጊቷ ክዳኑን አነሡ። ፊታቸው በእንፋሎቱ ውስጥ ነበር፤ ያለቅሱ እንደሆነ አይታይም። «ሰዉ ምን አለ?»

ሱሎቻና እጇን ታጠበች። የሚነገር ነገር ፈለገች።

«የዳንዳፓኒ ልጅ ወንድ ወልዳለች» አለች።

አማቷ ማን እንደሆነች አልጠየቁም። «እሰይ» አሉና ሩዙን አወጡላት። የጎረቤቱ መዶሻ ቆሞ ነበር። ሱሎቻና ምስሩን ጨምራ ጎረሰች፤ ጨው አንሶት ነበር።

«ጨው አንሶታል» አለች።

አማቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ተነሥተው ጨው ሊያመጡ ሄዱ።