ጉንጬ ውስጥ የቀረው ጉርሻ

ከሳሪስ አቦ እስከ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት እንደኔ የሚውጥ ጉሮሮ አልተፈጠረም። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ የመኪናዬን ጎማ በአዋዜ ቢያቀርቡልኝ "ሚጥሚጣ ጨምሩበት" ባይ ነበርኩ።

ያ ጉሮሮ ውኃ መዋጥ አቃተው። አስፋልቱን ለባቡሩ ሲቆፍሩት "ልማት ነው፣ ታገሡ" ተባልን፤ እኛ ታገሥን፣ በጉድጓዱ ሲንገጫገጭ የከረመው የአንገቴ ዲስክ ግን አልታገሠም። ሐኪሙ ከፊት በኩል ከፍቶ አንገቴን በብረት አሰረልኝ። ለጊዜው መዋጥ እንደሚያስቸግረኝ፣ የላመ ነገር ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አገጬን ደረቴ ላይ አድርጌ እንድውጥ አስጠነቀቀኝ። ይህን ለሰፈራችን የሚያስረዳ ሐኪም ግን ገና አልተመረቀም።

ለልጄ ሽማግሌ የሚመጣበት እሑድ ደረሰ። የሚያገባትን ልጅ ወድጄዋለሁ፤ ልጄማ እሱን ካላገባች የምትሞት ነው የሚመስለው። ሽማግሌዎቹን ስንጠብቅ ጎረቤታችን እትዬ ሊጠይቁኝ ዶሮ ወጥ ይዘው ገቡ።

"በሞቴ፣ አንዷን ብቻ!"

"እትዬ፣ ሐኪሙ እኮ..."

"ሐኪሙ ነው ያሳደገህ? አፈር ስሆንልህ!"

አፌን የከፈትኩት ለመከራከር ነበር፤ ጉርሻው ገባ። ጉርሻ አይባልም፣ ከነተሳቢው የገባ መኪና ነው።

ወዲያው ሽማግሌዎቹ ደረሱ። እሺ ሳይባሉ መቀመጥ ወግ አይደለምና ቆመው ቀሩ።

"ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅዎ ቆመናል፤ ምን ይሉናል?" አሉ ትልቁ።

ብውጠው እታነቃለሁ፤ ብተፋው የእትዬን ጉርሻ በሰው ፊት መትፋት ነው፣ ከዚያ መታነቅ ይሻላል። አገጬን ደረቴ ላይ ቀብሬ ታገልኩ። ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"ልጅ መስጠት ከባድ ነው" አሉ አንዱ አዝነው።

"ኧረ ንቀት ነው!" አሉ ሌላው።

ትልቁ ምርኩዛቸውን አነሡ። "ዝምታም መልስ ነው። እንሂድ።"

ልጄ የጓዳውን መጋረጃ ጨብጣ ታየኛለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ጉርሻውን መዳፌ ላይ ተፋሁት።

"ውይ፣ በቁሜ ቀበረኝ!" አሉ እትዬ።

"ተቀመጡ!" አልኩ እየሳልኩ። "ሰጥቻለሁ! እናቷንም ከፈለጋችሁ እመርቅላችኋለሁ!"

እየሳቁ ተቀመጡ፤ ገበታም ቀረበ። እነሱ ዶሮውን ሲበሉ፣ ልጄ አንገቴ ላይ ፎጣ አስራ አጥሚት በሻይ ማንኪያ አጠጣችኝ። ግማሹ በአገጬ ወረደ፤ እሷው ጠረገችልኝ። አማቾቼ መጀመሪያ ያወቁኝ እንዲህ ሆኜ ነው።