ሳሩ መቼ ይለቀቃል

ስልክ የገዛሁ ሰሞን መንዝን በሙሉ በጉራ አስጨንቄያለሁ። «እዚህ ውስጥ የሌለ ነገር ቢኖር የአማቴ ምርቃት ብቻ ነው» ስል መሐል ሜዳ ገበያ ላይ የነበሩ በጎች እንኳ ቀና ብለው አይተውኛል። ይኸው ጉራ ነው የደብራችንን መሪጌታ ደጄ ድረስ ያመጣብኝ።

በመጪው እሑድ የደብሩ ንግሥ ነበር። መሪጌታ ከሟች መምህራቸው የተማሩት አንድ ዜማ መካከሉ ጠፍቶባቸዋል። «አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል» አሉኝ። መምህሩ የኖሩበት ገዳም ድምፃቸውን ቀርጾ በኢንተርኔት ገጹ ላይ እንዳኖረው አንድ ዲያቆን ነግሯቸዋል።

«ይቀመጡ መሪጌታ። እንኳን የመምህርዎን፣ የአዳምንም ሳል አወጣልዎታለሁ።»

ነካሁት። ጭፈራ መጣ።

«እኚህ መምህሬ አይደሉም» አሉ ረጋ ብለው።

የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል ርካሹ ነው፤ ሁለት ሦስት ስመ ጥር የቪዲዮና የወሬ መተግበሪያዎችን ብቻ ይከፍታል። የገዳሙን ገጽ ስነካው ክቡ ይዞራል፤ በዚያ አዟዟሩ አንድ ጎተራ ገብስ በፈጨ ነበር።

«ዝግ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ደግ አደረጉ። ጓሳም የሚዘጋው ሳሩ እንዲያገግም ነው። መቼ ይለቀቃል?»

ጓሳ የጋራ መሬታችን ነው። ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል፤ ሲለቀቅም ያለውም የሌለውም ማጭዱን ይዞ በአንድ ቀን ይወጣል። ይኼኛው ግን ለጭፈራው ዓመቱን ሙሉ ክፍት፣ ለገዳሙ ዝግ እንደሆነ፣ በሩን የያዘውም እኛ የመረጥነው ጠባቂ ሳይሆን ጥቅሉን የሚሸጠው ድርጅት እንደሆነ ነገርኳቸው።

ወደ ስልኩ ጠቆሙ። «ጭፈራው ይዘጋ አልልም። ግን ለእሱ የተከፈተ በር ለመምህሬ ለምን ይጠባል?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩት። ባለቤቴ ከጓዳ፣ «ጉራው አለቀበት? ዛሬስ በረዶ ይጥላል» አለች።

ቅዳሜ መሐል ሜዳ ሄጄ ሁሉን የሚከፍተውን ጥቅል ገዛሁ። ውድ ስለሆነ አቅሜ የቻለው ትንሹን ነው። መሪጌታ ቤት ደርሼ ገጹን ስነካው የሽማግሌ ድምፅ ወጣ። መሪጌታ ከመደቡ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን አጣምረው ስልኬ ፊት ቆሙ። እኔም ሳላስበው ቆምኩ። ዜማው የጠፋው ቦታ ሊደርስ ሲል ቀጥ አለ። ለካ ስልኩ መንገድ ለመንገድ ራሱን ሲያድስ ጥቅሉን በልቶታል፤ ካርድ የሚሸጠው ደግሞ መሐል ሜዳ ነው።

በማግሥቱ መሪጌታ ዜማውን በመምህራቸው ስልት ጀምረው መካከሉን በራሳቸው ተሻገሩት። ሕዝቡ እልል አለ። ከቅዳሴ በኋላ ከጥዱ ዛፍ ሥር ጠሩኝ።

«እንዴት ነበር?»

«መላእክት ወረፋ ይዘው ነው የሰሙዎት።»

«ተው አንተ ሰው። የመምህሬ ዜማ ግማሹ እዚያው ተዘግቶበት ቀርቷል።» መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «በሩን ለያዙት ማመልከቻ እንጻፍ» አሉ። «እኔ እጽፋለሁ፤ አንተ ፈርም። ምንም እንዳትጨምርበት።»

ፈረምኩ። ምንም አልጨመርኩበትም።